ለባለ ሁለት ምት የአትክልት መሣሪያዎች ዘይት መምረጥና ከቤንዚን ጋር መደባለቅ

የሞተር መጋዝ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የሣር ማጨጃ፣ የአጥር መከርከሚያና ቅጠል የሚገፋ የንፋስ ማሽን በአብዛኛው የሚሠሩት በባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማለትም ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር አንድ ቃጠሎ በሚያካሂድ ሞተር፣ ነው። ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ቋትም ሆነ ዘይት የሚያሰራጭ ፓምፕ የለውም። ከፒስተኑ በታች ያለው፣ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ክፍል፣ ራሱ ፓምፕ ሆኖ ከካርቡሬተሩ የሚመጣውን የአየርና የነዳጅ ቅልቅል ይስባል፤ ፒስተኑ ሲወርድም ቅልቅሉን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በዚህ ጉዞ ቤንዚኑ ሲተን አብሮት የመጣው ዘይት በኩሽኔታዎቹ፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚያገናኘው ቢየላና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ በመጨረሻም ተቃጥሎ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ይወጣል። በደቂቃ 12,000 ጊዜ በሚዞር የመጋዝ ሞተር ውስጥ ቃጠሎ የሚካሄደው በሰከንድ 200 ጊዜ ስለሆነ፣ ያ ስስ ሽፋን ያለማቋረጥ መታደስ አለበት።

ሞተሩ ሌላ ቅባት የለውም። ቤንዚኑ ውስጥ የገባው ዘይት ከጎደለ ፒስተኑና ሲሊንደሩ በቀጥታ ይፋተጋሉ፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የፒስተኑ አልሙኒየም ይላላና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ስለ ዘይት ሲነሳ ብዙው ሰው የሚከራከረው የትኛው ምርት ይበልጣል በሚለው ነው። ለማሽኑ ዕድሜ ግን ከምርቱ ስም ይልቅ ልኩ፣ የድብልቁ ትኩስነትና በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ምልክት ይበልጥ ወሳኝ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ መመሪያም ዘይት አመራረጡን ካስረዳ በኋላ በእነዚህ ላይ ይቆያል።

መጀመሪያ ማሽኑን ይለዩ

ዘይት ከመግዛትዎ በፊት የያዙት ማሽን በእርግጥ የዘይትና የቤንዚን ድብልቅ የሚፈልግ መሆኑን ያረጋግጡ። በነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ወይም አጠገቡ የነዳጅ መቅጃ ሥዕል ከዘይት ጠብታ ጋር ካለ፣ ወይም እንደ 50:1 ያለ ቁጥር (የቤንዚንና የዘይት ምጣኔ) ከተጻፈ፣ ማሽኑ ድብልቅ ይፈልጋል። ከነዳጅ ታንኩ ሌላ የሞተር ዘይት መሙያ ክዳንና የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ ግን ባለ አራት ምት ነው፤ ታንኩ ውስጥ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይገባል። በአሠራራቸው ባለ አራት ምት ሆነው ሳለ በድብልቅ ነዳጅ የሚቀቡ አንዳንድ የእጅ ማሽኖችም ስላሉ፣ በመልክና በድምፅ ከመፍረድ ክዳኑንና የማሽኑን መመሪያ ማመን ይሻላል።

የሞተር መጋዝ ሁለት ታንክ አለው። አንዱ የነዳጅ ድብልቁ የሚገባበት ሲሆን ሌላው ለሰንሰለቱ ማለስለሻ የሚሆን ወፍራም ዘይት የሚሞላበት ነው። የሰንሰለት ዘይት ከሚሽከረከር ሰንሰለት ላይ እንዳይፈናጠር ተጣባቂ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ በምንም ዓይነት ከቤንዚን ጋር አይደባለቅም።

የዘይቱን ጀርባ ማንበብ

የባለ ሁለት ምት ዘይት ጥራት የሚታወቀው በጠርሙሱ ጀርባ በላቲን ፊደል በትንሹ በሚጻፉት የደረጃ ምልክቶች ነው። በብዛት የሚታየው የጃፓን አውቶሞቢል ደረጃ ድርጅት፣ በአጭሩ ጃሶ፣ ያወጣው ነው። ይህ ደረጃ ዘይቱን የሚፈትነው በማለስለስ ብቃቱ፣ ሞተሩን ከውስጥ በንጽሕና በመጠበቁ፣ በጭሱ መጠንና የማርሚታውን መውጫ በመድፈን ዝንባሌው ነው። ኤፍ ቢ ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ኤፍ ሲ ከእሱ ያነሰ ጭስና ያነሰ የማርሚታ ጥላሸት ያለው ነው፤ ኤፍ ዲ ደግሞ የኤፍ ሲን ባሕርይ እንደያዘ በከፍተኛ ሙቀት የፒስተኑን ዙሪያ በማጽዳት ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ ተመሳሳይ መሰላል አለው፤ በእሱ አጠራር ኢ ጂ ቢ፣ ኢ ጂ ሲ እና ኢ ጂ ዲ ይባላሉ፤ ኢ ጂ ዲ ከፍተኛው ነው። የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም ምልክት የሆነው ቲ ሲ በአየር ለሚቀዘቅዙ ከፍተኛ ጫና ላለባቸው ሞተሮች የወጣ የቆየ ደረጃ ሲሆን ዛሬም በብዙ ጠርሙሶች ላይ ይገኛል። ለአትክልት መሣሪያ ኤፍ ዲ ወይም ኢ ጂ ዲ የተጻፈበትን ብትመርጡ አትሳሳቱም፤ ኤፍ ሲም ይበቃል። አንድም የደረጃ ምልክት የሌለበትንና “ለሁሉም ሞተር ይሆናል” ብቻ የሚለውን ጠርሙስ ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አልገዛውም።

በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው ቲ ሲ ደብሊው 3 ከሚለው ምልክት ነው፤ ከቲ ሲ ጋር በፊደል ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ዘይት ነው። የጀልባ ሞተር በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ዘይቱም አመድ የማይተውና ለዚያው ሙቀት የተመጠነ ነው። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ መጋዝ ወይም ሣር ማጨጃ ግን ከዚያ በጣም ስለሚሞቅ፣ የፒስተኑ ፋሻዎች የሚቀመጡበት ጎድጓዳ መስመር ቀስ በቀስ በተቃጠለ ዘይት ይሞላል። ያን ጊዜ ፋሻዎቹ ይያዛሉ፣ ሞተሩም እመቃ (ቅልቅሉን አምቆ የመጭመቅ ኃይል) ያጣል።

የመኪና ሞተር ዘይትም ምትክ አይሆንም። በውስጡ ያሉት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ የብረት ውሁዶች ቋት ውስጥ ለሚቆይ ዘይት የሚጠቅሙ ሲሆኑ፣ ሲቃጠሉ ግን አመድ ትተው ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላና የማርሚታውን መውጫ ይሸፍናሉ። ድሮ የተሠሩ መጋዞች በተራ የሞተር ዘይት፣ ለምሳሌ በ16 ለ 1 ምጣኔ፣ እንዲሠሩ ታስበው ነበር፤ “አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው” የሚለው ልማድ የሚመጣው ከዚያ ዘመን ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ዙራቸው ከፍ ያለ፣ የማርሚታቸው መውጫም የጠበበ በመሆኑ ያ ልማድ አይሆናቸውም።

ከማዕድን ዘይት፣ ከከፊል ሰው ሠራሽና ከሙሉ ሰው ሠራሽ ዘይት የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ሰው ሠራሹ በአጠቃላይ ንጹሕ ሆኖ ስለሚቃጠል ጭሱና ጥላሸቱ ያነሰ ነው። በየቀኑ ለሚሠራ ማሽን ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠራ ማሽን ግን የደረጃ ምልክቱ እስካለ ድረስ ከፊል ሰው ሠራሹ በቂ ነው። የዘይቱ ዓይነት ምጣኔውን እንደማይቀይር ግን ልብ ይበሉ። አንዳንድ ጠርሙሶች 100 ለ 1 ድረስ መደባለቅ እንደሚቻል ይገልጻሉ። የሞተሩን ክፍተት፣ ሙቀትና ዙር የሚያውቀው ማሽኑን የሠራው ክፍል ስለሆነ፣ ጠርሙሱና የማሽኑ መመሪያ ሲለያዩ የማሽኑን መመሪያ ይከተሉ።

የዘይቱ ቀለም፣ ቀይ ይሁን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ የጥራት ምልክት አይደለም። ቀለም የሚገባበት ዘይት የተጨመረበትን ቤንዚን ከንጹሑ ለመለየት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ ቀለሙ ጎልቶ የሚታይ ዘይት እመርጣለሁ።

ቤንዚኑ

ቤንዚኑ እርሳስ የሌለው፣ ትኩስና በመመሪያው የተጻፈውን የኦክቴን ቁጥር (ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይነድ ያለውን አቅም የሚለካ ቁጥር) ያሟላ ይሁን። ከተፈለገው በላይ የሆነ ኦክቴን ጉልበት አይጨምርም፤ ያነሰ ከሆነ ግን ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እየነደደ ፒስተኑን ሊመታው ይችላል።

ከኦክቴኑ ይበልጥ የሚያሳስበው ኢታኖል፣ ማለትም ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ አልኮል፣ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን ይፈቅዳሉ፣ ከዚያ በላይ ይከለክላሉ። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። የሳበው ውኃ ከመጠን ሲያልፍ ኢታኖሉና ውኃው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ዘይቱ ግን ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ይቀራል። የማሽኑ ነዳጅ መሳቢያ ቱቦ ጫፍ ደግሞ ከማጣሪያው ክብደት የተነሣ ሁልጊዜ በታንኩ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሞተሩ የሚጠጣው በትክክል ተለክቶ የተዘጋጀውን ድብልቅ ሳይሆን ዘይት የሌለውን የታችኛውን ፈሳሽ ይሆናል። ኢታኖል የነዳጅ ጎማዎችንና የካርቡሬተሩን ስስ ላስቲክ በጊዜ ብዛት ያደርቃቸዋል ወይም ያሳብጣቸዋል። ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን የሚገኝ ከሆነ ለእነዚህ ማሽኖች እሱን ይጠቀሙ።

ምጣኔውን ማንበብና ማስላት

50 ለ 1 ማለት 50 እጅ ቤንዚን ከ1 እጅ ዘይት ጋር ማለት ነው። ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፤ የቤንዚኑን መጠን በሚሊ ሊትር ወስደው በምጣኔው ትልቅ ቁጥር ያካፍሉ፣ የሚወጣው የዘይቱ ሚሊ ሊትር ነው። በ50 ለ 1 ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። በ40 ለ 1 ደግሞ 25፣ በ32 ለ 1 ወደ 31፣ በ25 ለ 1 ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ሊትር በ50 ለ 1 ለማዘጋጀት 100 ሚሊ ሊትር፣ 3 ሊትር በ40 ለ 1 ለማዘጋጀት 75 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። አንዳንድ መመሪያዎች በመቶኛ ይጽፉታል፤ 2 በመቶ ከ50 ለ 1፣ 4 በመቶ ከ25 ለ 1 ጋር አንድ ነው።

ምጣኔው “ለአንድ ጋሎን” ተብሎ ከተጻፈ የትኛው ጋሎን እንደሆነ ይጠይቁ። የአሜሪካው ጋሎን 3.785 ሊትር ሲሆን በ50 ለ 1 ወደ 76 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ስለሆነ ወደ 91 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። አንዱን በሌላው መተካት ከ16 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ስሕተት ያስከትላል።

አንዳንድ መመሪያዎች ሁለት ምጣኔ ይሰጣሉ፤ በአምራቹ ዘይት ሲሆን 50 ለ 1፣ በሌላ ዘይት ሲሆን 25 ወይም 33 ለ 1 ይላሉ። ይህን ሲያነቡ አብሮ የተጻፈውን ቅድመ ሁኔታ፣ በተለይ የዘይቱን ደረጃ የሚጠቅሰውን ዓረፍተ ነገር፣ ሳይጨርሱ አይለፉ።

ዘይት ቢጎድል ይሻላል ወይስ ቢበዛ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የጎደለ ዘይት ሞተሩን በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል፤ የበዛ ዘይት ደግሞ ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ በሲሊንደሩ መውጫና በማርሚታው የብልጭታ ማገጃ መረብ ላይ ካርቦን ያከማቻል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ “ለጥንቃቄ” እያሉ ዘይት ማብዛት ብዙዎች ያላሰቡት ሌላ ጉዳት አለው። ካርቡሬተሩ በቀዳዳው የሚያሳልፈው ፈሳሽ መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ ከዚያ ውስጥ የዘይቱ ድርሻ ሲጨምር የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል። ሞተሩም ከአየሩ አንጻር ያነሰ ቤንዚን ስለሚያገኝ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ የታዘዘውን ልክ ይያዙ። አንዱ ማሽንዎ 50፣ ሌላው 40 የሚፈልግ ቢሆን ለሁለቱም በ40 ለ 1 መደባለቅ ይቻላል፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። አንዱ 50፣ ሌላው 25 የሚል ከሆነ ግን ሁለት ጀሪካን ያዘጋጁ።

አደባለቁ

የሚያስፈልጉት ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን፣ የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ ወይም ትልቅ ስሪንጅ፣ ማጣሪያ ያለው ማንቆርቆሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅና የማይለቅ የመጻፊያ ቀለም ናቸው። የውኃ ወይም የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ፕላስቲኩ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም ያለውን ፈሳሽ ሕፃን ወይም የተጠማ ሰው መጠጥ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። የጠርሙስን ክዳን ወይም በዓይን ግምት እንደ መለኪያ መውሰድም ይቅር።

1. ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ እሳት፣ ሲጋራም ሆነ ብልጭታ በሌለበት ቦታ ይሁኑ። ጀሪካኑን መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ ከመኪና ጭነት ላይ ወይም ከፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሆኖ ቤንዚን መቅዳት የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ብልጭታ ሊያስነሣ ይችላል።

2. የሚደባለቀውን መጠን ይወስኑ። ልኩ በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቅ ይሁን። ለጥቂት ሰዓት ሥራ 1 ወይም 2 ሊትር ይበቃል።

3. ከሚፈለገው ቤንዚን ግማሽ ያህሉን ወደ ጀሪካኑ ይቅዱ። ዘይት በባዶ ጀሪካን ውስጥ ቀድሞ ከገባ ከወለሉና ከማዕዘኑ ላይ ተጣብቆ በቀላሉ አይነሣም፤ ጀሪካኑ ሙሉ ከሆነ በኋላ ከገባ ደግሞ ለመናጥ የሚሆን ባዶ ቦታ አይገኝም።

4. ዘይቱን ለክተው ይጨምሩ። መለኪያውን ከዓይንዎ ትይዩ አድርገው ያንብቡ፤ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ልኩ የተዛባ ይመስላል። በመለኪያው ግድግዳ የቀረውን ዘይት በጥቂት ቤንዚን አለቅልቀው እዚያው ይድፉ፤ ይህ ለትንሽ መጠን ድብልቅ ትርጉም አለው።

5. ክዳኑን በደንብ ገጥመው ለ30 ሰከንድ ያህል ይናጡት፤ ከዚያም የተፈጠረውን ግፊት ለማስተንፈስ ክዳኑን ከፊትዎ አርቀው በዝግታ ይክፈቱ።

6. የቀረውን ቤንዚን ጨምረው እንደገና ይናጡ። ቤንዚን በሙቀት ስለሚሰፋ ጀሪካኑን እስከ አፉ አይሙሉት።

7. በጀሪካኑ ላይ “ድብልቅ” የሚለውን ቃል፣ ምጣኔውንና ቀኑን ይጻፉ። ይህን ሳይጨርሱ ጀሪካኑን አያስቀምጡት።

የመጨረሻውን ተራ ቁጥር አጥብቄ የምጽፈው ምክንያት ስላለኝ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት አንድ ዓይነት ቀይ ጀሪካኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ለባለ አራት ምት ማሽን የተቀዳውን ንጹሕ ቤንዚን መጋዙ ውስጥ ሞላሁት። ሞተሩ እንደ ወትሮው ተነሣ፤ እንዲያውም ጥሩ የሚሠራ መሰለኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዙሩ ያለ ምክንያት ከፍ አለ፣ ጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። ፒስተኑ ተጫጭሮ ነበር፤ ጀሪካኖቹ ላይ አንድ ቃል ቢጻፍ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

በማሽኑ ታንክ ውስጥ ቀጥታ መደባለቅ ሌላው መራቅ የሚገባው አሠራር ነው። ዘይት ከቤንዚን ስለሚከብድ ሳይናጥ ከተቀመጠ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ የመሳቢያው ጫፍም መጀመሪያ ዘይት የበዛበትን ይስባል፣ ካንዴላውም ይረጥባል፤ በኋላ ደግሞ ዘይት የጎደለበት ይመጣል። በተጨማሪም ለግማሽ ሊትር ታንክ የሚገባው ዘይት 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ የ3 ሚሊ ሊትር ስሕተት የልኩን 30 በመቶ ያዛባል። ያው ስሕተት በ5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 3 በመቶ ብቻ ነው።

መሙላት

ከእያንዳንዱ መሙላት በፊት፣ ድብልቁ ትናንት የተሠራ ቢሆንም፣ ጀሪካኑን ይናጡ። ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ 10 ደቂቃ ያቀዝቅዙት፤ የፈሰሰ ቤንዚን በጋለ ማርሚታ ላይ ሊነድ ይችላል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ፤ የእንጨት ብናኝና አቧራ ወደ ታንኩ ከገባ ማጣሪያውን ይደፍናል። ክዳኑን በዝግታ ይፍቱ፤ ታንኩ ግፊት ይዞ ሊሆን ይችላል። ከሞሉ በኋላ የፈሰሰውን ጠርገው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀው ሞተሩን ያስነሡ።

ስሕተት ሲፈጠር

ንጹሕ ቤንዚን ገብቶ ሞተሩ ገና ካልተነሣ፣ ታንኩን ባዶ አድርጎ በትክክለኛው ድብልቅ መሙላት ነው። የነዳጅ መሳቢያ ጎማው ካለው ደጋግመው ተጭነው በቱቦው የቀረው ወጥቶ ቀለም ያለው ድብልቅ እስኪታይ ይጠብቁ። ሞተሩ ሠርቶ ከሆነ ወዲያው አጥፍተው እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። ከዚያ ማርሚታውን ፈተው በሲሊንደሩ መውጫ በኩል ፒስተኑን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በዚህ ወገን ነው፤ በጣም የሚሞቀው ይህ በመሆኑ። ፒስተኑ ለስላሳ ከሆነ በትክክለኛው ድብልቅ ሥራውን ይቀጥሉ። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ካሉት ግን ገመዱን እየሳቡ ለማስነሣት አይታገሉ፤ ወደ ሜካኒክ ይውሰዱት፤ ሲሊንደሩ ሊድን የሚችለው ያለ ተጨማሪ ፍትጊያ ሲደርስ ነው።

በ25 ለ 1 የተደባለቀውን ለ50 ለ 1 ማሽን ለማዋል በውስጡ ካለው ቤንዚን ጋር እኩል ንጹሕ ቤንዚን ይጨምሩ። በ50 ለ 1 የተሠራውን ወደ 25 ለ 1 ለመለወጥ ደግሞ በየሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት መጨመር ይበቃል። ምጣኔው ያልታወቀ ወይም የሽታው ለውጥ መበላሸቱን የሚያመለክት ድብልቅ ሲሆን ለማስተካከል አይሞክሩ። እንዲህ ያለው ለቃጠሎም ሆነ ለሌላ ሞተር አይውልም፤ መሬት ወይም የፍሳሽ ቱቦ ውስጥም አይደፋም፤ ያገለገለ ዘይትና ነዳጅ ለሚቀበል ክፍል ይሰጣል።

ካንዴላው የሚናገረው

ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ካንዴላውን ፈተው ይመልከቱ። ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ነዳጁም ዘይቱም በልኩ ናቸው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት በዝቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ቆሽሾ ነዳጁ በዝቷል። ነጭና የተቃጠለ መልክ ካለው ሞተሩ ቤንዚን ጎድሎት እየጋለ ነው፤ ይህ ከካርቡሬተር ማስተካከያ ወይም በጓርኒሲዮን (በሁለት የሞተር ክፍሎች መጋጠሚያ በሚገባ ማሸጊያ) በኩል አየር ከመግባት ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚፈተኑበት ነገር ዘይት መጨመር ነው። የካርቡሬተርን ጉድለት በዘይት መሸፈን ግን፣ ቀደም ሲል እንደተገለጸው፣ የቤንዚኑን ድርሻ ይበልጥ ያሳንሰዋል። ምጣኔውን እንዳለ ትተው መንስኤውን ይፈልጉ። ሞተሩ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ የሚታይ ጭስ የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይቱ እንደበዛ ወይም ደረጃው እንደማይመጥን ያሳያል።

ማስቀመጥ

ድብልቅ ነዳጅ ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ከተቀመጠ ለ30 ቀን ያህል ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ቶሎ የሚተኑት የቤንዚኑ ክፍሎች እየቀነሱ ስለሚሄዱ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፤ የቀረውም በካርቡሬተሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። በፋብሪካ ተደባልቆ የሚሸጥ፣ አልኪሌት ከሚባል ንጹሕ ቤንዚን የተሠራ ነዳጅ ከዚህ በጣም ረዝሞ ይቆያል፤ ዋጋው ከተራ ቤንዚን ከፍ ያለ ቢሆንም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ማሽን ለሚያስነሣ ሰው የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ የማይሠራ ከሆነ ታንኩን ወደ ጀሪካኑ ገልብጠው፣ በካርቡሬተሩ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ያሠሩትና ራሱ እንዲጠፋ ይተዉት። ለረጅም ወራት የሚቀመጥ ሲሆን ካንዴላውን ፈተው ጥቂት ጠብታ የባለ ሁለት ምት ዘይት በቀዳዳው ያንጠባጥቡ፣ የማስነሻ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ይሳቡና ካንዴላውን ይመልሱ፤ ዘይቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተዳርሶ ከዝገት ይጠብቀዋል። ማሽኑ ወደ ሥራ ሲመለስ አዲስ ድብልቅ ይሥሩለት፤ ያ የቀረው ዘይት እየነደደ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚያጨስ፣ ጭሱ እስኪጠራ ድረስ ጫና ሳይጥሉበት ያሙቁት።